«አበበ በሶ በላ» ብቻ አይበቃም፦ የአማርኛ የጽሑፍ ሳጥንን በእጅ መፈተሽ

ዛሬ የማወራችሁ በየቀኑ ሳናስተውለው ስለምንነካው ትንሽ ነገር ነው፤ ስለ ጽሑፍ ሳጥን። ስማችሁን የምትሞሉበት፣ መልእክት የምትጽፉበት፣ የምትፈልጉትን ነገር የምታስገቡበት ያ ባዶ ነጭ ሳጥን። ላይ ላዩን ሲታይ ምንም የሚፈተሽ ነገር ያለው አይመስልም። ይጻፍበታል፣ ጽሑፉ ይታያል፣ አለቀ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። እንዳልሆነ የተማርኩት ለቅሶ ቤት ነው።

በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ እድር አለን። መዝገቡ ለዓመታት በእጅ የሚጻፍ ደብተር ነበር። ጸሐፊያችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ የሰው ሶፍትዌር እየፈተሽኩ እንጀራ የምበላ ሰው ስለሆንኩ አንድ ቀን ጠርተው «አንተ ልጅ፣ ይህን ደብተር ወደ ኮምፒውተር አግባልን» አሉኝ። በትርፍ ሰዓቴ አንዲት አፕ ሠራሁ። የአባል ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክ፣ የከፈሉት ወር፣ መፈለጊያ፤ ይኸው ነው። ስም መሙያው ላይ «አበበ በሶ በላ» ብዬ ጻፍኩ፤ በትክክል ታየ፤ ሴቭ አደረግሁት፤ ተቀመጠ። ቀን ቀን የሰውን ሥራ በአጉሊ መነጽር የማይ ሰው፣ የራሴን በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ፈትሼ አስረከብኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ አባላችን አረፉ። ጋሼ ለቀብር ወጪ የሚሰጠውን ገንዘብ ለማዘጋጀት የሟቹን ስም ከነአባታቸው አፑ ላይ አስገቡ። «አባል አልተገኘም» የሚል መልስ መጣ። ደግመው ጻፉ፤ ያው ነው። የሟቹ ወንድም አጠገባቸው ቆሞ ስክሪኑን ያያል። ደግነቱ ጋሼ አሮጌውን ደብተር አልጣሉትም ነበር፤ ከዚያ አውጥተው ክፍያውን ፈጸሙ። ማታ ደወሉልኝና «አንተ ልጅ፣ ሰውየውን ሞት አንዴ ወሰደው፤ ያንተ ኮምፒውተር ደግሞ ሁለተኛ ገደለው» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

የዚያን ሌሊት መዝገቡን ከፍቼ አየሁት። ሰውየው አሉ። የአባታቸው ስም ግን «ገብረ እግዚአብሔ» ይልና መጨረሻው ላይ በጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለች የጥያቄ ምልክት ቆማለች። ፊደል ር የለችም።

ር የት ሄደች?

መልሱ ቀላል ሒሳብ ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የጽሑፍ አቀማመጥ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ብቻ ይይዛል፤ በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገቡት የእኛ ፊደላት ግን እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይይዛሉ። እኔ ኮዱ ውስጥ ስሙን 30 ባይት ላይ የሚቆርጥ መስመር ጽፌ ነበር፤ «ለስም 30 ይበቃል» ብዬ።

«አበበ በሶ በላ» 7 ፊደልና 2 ክፍት ቦታ ነው፦ 23 ባይት። ያልፋል። «ገብረ እግዚአብሔር» ግን 10 ፊደልና 1 ክፍት ቦታ ነው፦ 31 ባይት። በአንዲት ባይት በለጠ። ኮዱ 30ኛው ላይ ሲቆርጥ ከር ሦስት ባይቶች ሁለቱን ይዞ ሦስተኛዋን ጣለ። ሁለት ሦስተኛ ር የሚባል ፊደል ስለሌለ ኮምፒውተሩ የጥያቄ ምልክት አስቀመጠ። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጻፍ 15 ባይት ብቻ ነበር፤ ችግሩ በጭራሽ አይታይም።

ልብ በሉ፤ ሳጥኑ ሲጻፍበት ምንም ስህተት አላሳየም። ስሙ ሙሉውን ታይቷል። የተቆረጠው ሴቭ ከተደረገ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕጌ ይህ ሆነ፦ የጽሑፍ ሳጥን ተፈተሸ የሚባለው ጽፋችሁ፣ አስቀምጣችሁ፣ አፑን ዘግታችሁ፣ እንደገና ከፍታችሁ፣ ያስገባችሁትን ፊደል በፊደል ስታነቡት ነው።

ለምን በእጅ?

በሙያው ውስጥ ያላችሁ «ይህን ሁሉ አውቶማቲክ ፍተሻ አይሠራልህም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይሠራል፤ የባይቱን ስህተት ኮድ ጽፌ ልይዘው እችል ነበር። አሁንም ያንን በኮድ ነው የምጠብቀው። ነገር ግን አብዛኛው አውቶማቲክ ፍተሻ ያለቀለትን ጽሑፍ ሳጥኑ ውስጥ በአንድ ጊዜ ያፈሰዋል። «ሰላም» ብሎ ይጨምራል፤ «ሰላም» መግባቱን ያያል።

ሰው ግን እንደዚያ አይጽፍም። በድምፅ በሚሠራ የአማርኛ ኪቦርድ የ«ኤስ»ን ቁልፍ ስትነኩ መጀመሪያ ሳድሱ ስ ይመጣል። ቀጥላችሁ የ«ኢ»ን ቁልፍ ስትነኩ ስ ይጠፋና በቦታው ሰ ይተካል። ለ«ላ»ም እንዲሁ፤ መጀመሪያ ል፣ ከዚያ ላ። ማለትም በአማርኛ አንድ ፊደል ሳጥኑ ውስጥ እያለ ይለወጣል። ችግሩ የሚፈጠረው በዚህ የመለወጫ ቅጽበት ውስጥ ነው፤ ያለቀለት ጽሑፍ የሚያፈስ ፍተሻ ደግሞ በዚያ በኩል አያልፍም። ጣት ነው የሚያልፈው።

እነሆ ዛሬ ማንኛውንም የጽሑፍ ሳጥን ስፈትሽ የማደርገው። ወረቀት ይዤ እቀመጣለሁ፤ ሦስት ዓምድ አሰምራለሁ፦ ምን አደረግሁ፣ ምን ጠበቅሁ፣ ምን አየሁ። «ምን ጠበቅሁ» የሚለው ከመንካቴ በፊት ይሞላል። ያለበለዚያ ዓይን ያየውን ሁሉ «ልክ ነው» ብሎ ይቀበላል።

አንደኛ፦ ፊደሉ ሲለወጥ

ቀስ ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ በፍጥነት እጽፋለሁ። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሳጥኑ ምን እንደሚያደርግ አያለሁ። የእኔ አፕ እዚህ ላይም ወድቃ ነበር። ተደጋጋሚ ክፍት ቦታ እንዲያጠፋ ብዬ፣ አንድ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ጽሑፉን አጽድቶ መልሶ የሚያስቀምጥ ኮድ ጨምሬ ነበር። ስልክ ላይ ኪቦርዱ ስን ወደ ሰ ሊለውጥ ሲል ጽሑፉ ከሥሩ ስለተነሳበት «ሰላም» «ስሰልላም» ሆኖ ወጣ። መፍትሔው ማጽዳቱን ተጠቃሚው ሳጥኑን ለቆ እስኪወጣ ማዘግየት ነበር።

በየቁልፉ ውጤት የሚያመጣ መፈለጊያም በዚሁ ይታያል። «ሰለሞን» ብላችሁ ልትጽፉ ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚደርሰው «ስ» ነው። በስ የሚጀምር ከሌለ «አልተገኘም» ብሎ ወዲያው ይጮኻል። ጥቂት ቢታገስ ይሻላል።

በአንዳንድ ኮምፒውተሮች፣ በተለይ ሊኑክስ ላይ አይባስ በሚባለው ፕሮግራም ስትጽፉ፣ የመጨረሻው ፊደል ገና እንዳልተቋጨ ለማሳየት ከሥሩ ይሰመርበታል። መስመሩ ሳይጠፋ ሴቭ የሚለውን ተጫኑ። ከዚያ ከፍታችሁ እዩ፤ የመጨረሻዋ ፊደል አብራ ገብታለች ወይስ ቀርታለች? ኢንተርን ተጭናችሁም፣ ታብን ተጭናችሁም ሞክሩት።

ሁለተኛ፦ ወሰኑ ላይ

ሳጥኑ 20 ፊደል ይቀበላል ከተባለ 19፣ 20 እና 21 ፊደል አስገቡ። በአማርኛ ግን አራተኛ ሙከራ አለ። 20ኛዋን ፊደል «ር» አድርጋችሁ ሙሉና ወደ «ሩ» ለውጧት። ቁጥሩ ስላልጨመረ መቀበል አለበት። አንዳንድ ሳጥን ግን «ሞልቷል» ብሎ አናባቢውን ስለሚከለክል ስሙ በሳድስ ተዘግቶ ይቀራል።

በ2021 በዩኒኮድ 14 ለጉራጊኛ የተጨመሩ ፊደላት አሉ። እነዚህ በዩቲኤፍ-8 4 ባይት ይይዛሉ፤ በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎችም አንዱ ፊደል እንደ ሁለት ይቆጠራል። የጉራጌ ተጠቃሚ ካላችሁ፣ መኖሩም አይቀርም፣ ወሰኑን በእነዚህም ፈትሹት።

የአጭር መልእክት ሳጥን ከሆነ ቆጣሪውን ተመልከቱ። በእንግሊዝኛ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባች ግን ወሰኑ ወደ 70 ይወርዳል፤ መልእክቱ ከተከፋፈለም ለእያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይቀራል። ቆጣሪው አማርኛ ስትጽፉ አሁንም «ከ160» የሚል ከሆነ፣ የለቅሶ ጥሪ ለሦስት መቶ ሰው የሚልክ እድር ያልጠበቀውን ሒሳብ ይከፍላል።

ሦስተኛ፦ ማጥፋትና መመለስ

«ላ» ላይ ቆማችሁ ባክስፔስ ተጫኑ። ሙሉ ፊደሏ ትጠፋለች ወይስ ወደ «ል» ትመለሳለች? እንደ ኪቦርዱ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ስህተት የሚሆነው በአንዱ ሳጥን እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ ሲሆን ነው። ኮንትሮል ዜድንም ሞክሩ፤ አንድ ቃል ለመመለስ ስንት ጊዜ መጫን እንዳለባችሁ ቁጠሩ።

የማጥበቂያ ነጥብ ለሚጠቀሙ፣ ለምሳሌ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለቋንቋ መምህራን፣ «አለ» (ተናገረ) እና «አለ፟» (ይገኛል) የሚለዩት ከፊደሉ በላይ በምትቀመጥ ምልክት ነው። ምልክቷ ለኮምፒውተር ራሷን የቻለች ናት፤ ለዓይን ግን የፊደሉ አካል ናት። በቀስት ቁልፍ ስትሄዱ ጠቋሚው በፊደሉና በምልክቱ መካከል ቢቆም ተጠቃሚው ግራ ይጋባል።

አራተኛ፦ መሐል ገብቶ ማረም

ሁላችንም መጨረሻ ላይ እየጨመርን መፈተሽ ይቀናናል። ሰው ግን የሚያርመው መሐል ገብቶ ነው። «ገብረ ማርያም» ጻፉና ጠቋሚውን ከ«ብ» በኋላ አድርጋችሁ አንድ ፊደል ጨምሩ። ጠቋሚው እዚያው ቆየ ወይስ ወደ መጨረሻው ዘለለ? ቃሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጋችሁ ምረጡት፤ አንዱ ቃል ብቻ ተመረጠ? በሁለት ነጥብ የተለያዩ፣ ክፍት ቦታ የሌላቸው ቃላትንም፣ እንደ «ሰላም፡ለሁላችሁ»፣ ሞክሩ። ረዘም ያለ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲሆን ሳጥኑ መስመሩን ከሁለት ነጥቡ በኋላ መስበር አለበት እንጂ ከጠርዙ ወጥቶ መሄድ የለበትም።

አምስተኛ፦ ከሌላ ቦታ የመጣ ጽሑፍ

ከድረ ገጽ፣ ከሌላ አፕ፣ ከአሮጌ ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ፔስት አድርጉ። ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉ ፋይሎች ልዩ ችግር አለባቸው። ያኔ ፎንቶቹ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው አማርኛ ይስሉበት ስለነበር፣ ጽሑፉ ወደ እናንተ ሳጥን ሲመጣ የማይነበብ የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናል። ሳጥኑ ሊተረጉመው አይጠበቅበትም። እንደ ስም አድርጎ ዝም ብሎ ሴቭ ቢያደርገው ግን መዝገቡን ያበላሻል።

ነጥቦቹንም ተመልከቱ። ብዙ ሰው አራት ነጥብን (።) ሳይሆን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ (፡፡) ይጽፋል። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር የተለያዩ። የግዕዝ ቁጥርም እንዲሁ ነው። ፓይተን ላይ ኢዝዲጂት የሚባለው ትእዛዝ «፩ አሃዝ ነው ወይ?» ሲባል «አዎ» ይላል፤ ያንኑ ፩ ወደ ቁጥር ለውጠው ሲባል ግን ስህተት ያወጣል። የአባል ቁጥር ሳጥን ውስጥ ፩ን አስገብታችሁ አፑ መውደቅ አለመውደቁን እዩ። በትሕትና «በ1፣ 2፣ 3 ይጻፉ» ቢል ይበቃል።

ስድስተኛ፦ ዓይን ብቻ የሚያየው

አንዳንድ ነገር ኮድ «ልክ ነው» ቢለውም ዓይን አይቀበለውም። ሿ፣ ቿ፣ ዧ፣ ጇን ጻፉ፤ አናታቸው በሳጥኑ ጠርዝ ተቆርጧል? ፎንቱ አማርኛ ባይኖረው ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ይታያሉ? የስልኩን የጽሑፍ መጠን ወደ ትልቁ አድርጋችሁ ድገሙት። የእድር አፕ የሚጠቀሙ ሽማግሌዎች ስልካቸው ምንጊዜም ትልቁ ላይ ነው።

ሰባተኛ፦ ተጽፎ ማግኘት

ሰውን ከመዝገብ የሚያጠፋው የመጨረሻው ወጥመድ የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። «ኃይሉ» ብለው የተመዘገቡትን ሌላው «ሀይሉ» ወይም «ሃይሉ» ብሎ ይፈልጋቸዋል። ሥላሴና ስላሴ፣ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሐይ፤ ለኮምፒውተር ሁሉም የተለያዩ ናቸው፤ ዩኒኮድም አያስታርቃቸውም። ስለዚህ መፈለጊያው እነሱን አንድ አድርጎ እንዲያይ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው።

ፍተሻው ሁለት ክፍል አለው። በ«ኃይሉ» አስቀምጡ፤ በ«ሀይሉ» ፈልጉ፤ መገኘት አለበት። ከዚያ መዝገቡን ክፈቱ፤ ስሙ አሁንም «ኃይሉ» መሆን አለበት። ሁለተኛው ይረሳል። ፍለጋ ለማቅለል ብሎ የተቀመጠውን ስም የሚቀይር አፕ አይቻለሁ። ስሙ የባለቤቱ ነው፤ አባቱ በየትኛው ኃ እንደጻፉለት እሱ ያውቃል። እኛ የምናቀልለው ፍለጋውን ብቻ ነው።

የማትለየኝ ወረቀት

ይህን ሁሉ በየጊዜው ከዜሮ አልጀምርም። «አበበ በሶ በላ»ን በጡረታ አሰናብቼ አንዲት አጭር የፍተሻ ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። በውስጧ ረጅም ስም አለ፣ ሞክሼ ፊደላት አሉ፣ ሿና ጇ አሉ፣ «፡፡»ም «።»ም አለ፣ ፩ም 1ም አለ፣ መሐሏ ላይ እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ዓረፍተ ነገርም አለ። እናንተም የራሳችሁን አዘጋጁ። ፔስት ግን አታድርጓት፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ በጣታችሁ ጻፏት። በኮምፒውተር አንዴ፣ በስልክ ደግሞ በሁለት የተለያዩ ኪቦርዶች። ለአንድ ሳጥን ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጠቃሚውን አስቀምጣችሁ እዩት። አፑን ካስተካከልኩ በኋላ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ስልኩን ሰጥቻቸው ምንም ሳልናገር ተቀመጥኩ። መጀመሪያ መነጽራቸውን ፈለጉ። ከዚያ ደብተሩን ከፍተው በአንድ ጣት የሟቹን ስም ከነአባታቸው ጻፉ። እኔ በሰባቱም ፍተሻ ውስጥ ያላሰብኩትን አደረጉ፦ ሴቭ ከማለታቸው በፊት ስልክ ተደወለላቸውና አነሱት። ጨርሰው ሲመለሱ ሳጥኑ ባዶ ነበር። በወረቀቴ ላይ ስምንተኛ መስመር ጨመርኩ። እሳቸውም ሳይቆጡ እንደገና ጻፉት።

በሳምንቱ አስተካክዬ ስመለስ ስሙን አስገብተው ፈለጉት። መጣ፤ ገብረ እግዚአብሔር፣ ከነ ር። ጋሼ ስክሪኑን ከደብተሩ ጋር እያስተያዩ በጣታቸው ፊደል በፊደል ቆጠሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ደብተሩን ግን ዛሬም አልጣሉትም፤ እኔም ጣሉት አላልኳቸውም።

ቸር እንሰንብት።